ሦስቱ ሰፈሮች እስኪስማሙ

መርዶ ለእናት በቀጥታ አይነገርም። ፈትያ የወጣትነት ዕድሜዋን ዓረብ አገር አሳልፋ የተመለሰች ብትሆንም ይህን አልረሳችም። ስለዚህ የእናኑን መሞት በሰማች ማግሥት፣ ገበያው ውስጥ ያለውን የጨርቅ ሱቋን ለእናቷ ትታ፣ ዳገቱን ወጥታ የሄደችው የእናኑ እናት ለተሥላሴ ዘንድ ሳይሆን የለተሥላሴ ታናሽ ወንድም ካሳሁን ዘንድ ነበር።

ካሳሁን ጓሮው ውስጥ ጌሾ ይቀነጥስ ነበር።

«ጋሼ፣ እስኪ ይቀመጡ» አለችው።

«ምነው ልጄ፣ ቆሜ አልሰማም?»

«ይቀመጡ።»

ጌሾውን እንደያዘ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፈትያና እናኑ ዓረብ አገር በአንድ ከተማ ሲሠሩ እንደ እኅትማማች ነበሩ። ፈትያ ከተመለሰች በኋላም እናኑ ለእናቷ የምትደውለው በእሷ ስልክ ነው። ያንን ስልክ አሁን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ታማ ነበር። ይሻለኛል፣ ለእናቴ እንዳትነግሪ ብላኝ ነበር። ትናንት አብራት የምትኖረው ልጅ ደወለችልኝ። አልተረፈችም ጋሼ።»

«እና ሬሳው?»

«እዚያው ቀብረዋታል። ከተቀበረች ሰንብታለች አሉ።»

ካሳሁንን ኋላ ላይ ሲያስበው የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ የእኅቱ አንድያ ልጅ መሞቷን ሲሰማ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «እናኑዬን!» አልነበረም። «እና ሬሳው?» ነበር። እንዲያ ያሰኘው ልቡ ድንጋይ ሆኖ አይደለም። እናኑን በጀርባው አዝሎ አሳድጓታል። ነገር ግን ወዲያው የእድሩ ደንብ ትዝ አለው። ደንቡን የጻፈው ደግሞ ራሱ ነው።

ካሳሁን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሥነ ዜጋ መምህር ነበር። ሕገ መንግሥቱን ሰው ዳዊት እንደሚደግም አድርጎ በቃሉ ይወጣዋል። በተለይ የማሻሻያው አንቀጾች ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳይቀር ይለወጥ ነበር። «ሕገ መንግሥት ጠዋት ወጥቶ ማታ አይሻርም» ይላል። «የማሻሻያው ሐሳብ ለመነሣት እንኳ ደጋፊ ይፈልጋል። ወይ የተወካዮች ምክር ቤት ከሦስት ሁለት እጁ፣ ወይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሦስት ሁለት እጁ፣ ወይም ከክልል ምክር ቤቶች ሢሶዎቹ ሊደግፉት ይገባል። ከዚያ ሕዝብ ይወያይበታል። ከዚያ ወደ ማጽደቁ ይኬዳል። ግን ሁሉም በር በአንድ ዓይነት መቀርቀሪያ አይዘጋም። አብዛኛው አንቀጽ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ከሦስት ሁለት እጅ ሲደግፉት፣ ከክልሎችም ከሦስት ሁለት እጅ ሲስማሙበት ይሻሻላል። የመብቶቹ ምዕራፍ ግን አንድ ክልል እንኳ እንቢ ካለ አይነካም!»

ታዲያ ላይ ሰፈር፣ ገበያ ሰፈርና ወንዝ ማዶ እድራቸውን አንድ ላይ ሲቀላቅሉ ደንብ ጻፍልን ያሉት እሱን ነው። እሱም የሚያውቀውን ጻፈ። አንድ ሰፈር የማሻሻያ ሐሳብ ማንሣት ይችላል፤ ሕዝቡ ይወያይበታል፤ ሁለት ሰፈሮች ከተስማሙ ይጸድቃል። የድንኳኑን አንቀጽ ግን ለብቻው አስቀመጠው፤ ሦስቱም ሰፈሮች ካልተስማሙ አይነካም። አንቀጹ «ድንኳን የሚተከለው አስከሬኑ በእድርተኛው ፊት ሲቀበር ብቻ ነው» ይላል።

ያኔ ምክንያት ነበረው። ጎጃም ለሞተች አክስት፣ ወሎ ለሞተ አጎት፣ አይተውት ለማያውቁት የአባት ዘመድ ሁሉ ድንኳን ይጠየቅ ነበር። ሸራው ተቀደደ፣ ምሰሶው ተሰበረ፣ አንዴም ሁለት ወንድማማቾች ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ አስተከሉ። ካሳሁን አንቀጹን ባነበበ ጊዜ ሰው አጨበጨበ። ያላጨበጨበው ወንዝ ማዶ የሚኖረው ማሩ ብቻ ነበር። ወንድሙ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደ ወረደ በረሃ ቀርቷል፤ መርዶውም የደረሰው ደንቡ በጸደቀ ማግሥት ነው።

«ለእኔስ?» ብሎ ነበር ማሩ።

«ደንብ ነው ማሩ» ብሎ መለሰለት ካሳሁን።

ማሩ ወንድሙን ግቢው ውስጥ፣ ዝናብ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ጥሩንባ አልተነፋምና ካሳሁንም ለቅሶ አልደረሰም።

ፈትያ ከሄደች በኋላ ካሳሁን በቀጥታ ገበያ ሰፈር ወደ አብዱ ሻይ ቤት ወረደ። አብዱ የገበያ ሰፈር እድርተኞች ዳኛ ነው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ይርጋም እዚያው ነበር፤ ሥራ ከሌለው ከአብዱ ቤት አይጠፋም። በሩን ገርበብ አድርጎ ነገራቸው።

ይርጋ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ዛሬውኑ እንትከለው» አለ።

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«ጋሼ አንቀጽ!» አለው ይርጋ። ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። «ሞት ኮረም አይጠብቅም። እኛ ተከልነው፣ ማን ያፈርሰዋል?»

«ማንም አያፈርሰውም። ግን ለማሩ ወንድም ከልክዬ ለእኅቴ ልጅ ብተክል ምን ዓይን ይኖረኛል? ሰው ምን ይለኛል?»

አብዱ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እውነትህን ነው፣ ይህስ አያምርም። ታዲያ ምን አሰብክ?»

«ደንቡ ይሻሻል። ገበያ ሰፈር ሐሳቡን ያንሣልኝ፤ የዓረብ አገር ልጆች ያሉት አብዛኛው በእናንተ ሰፈር ነው። ሕዝቡ ይወያይበት። ሦስቱ ሰፈሮች ሲስማሙ ድንኳኑን ንጋት ላይ ተክለን፣ ያኔ እንነግራታለን። እስከዚያ እንዳትሰማ።»

«እስከ መቼ?» አለ ይርጋ።

«እስኪጸድቅ።»

በአገሩ ወግ መርዶን መደበቅ ነውር አይደለም። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ እህል እስኪሰናዳ፣ እናትን የሚይዝ ሰው እስኪገኝ ይደበቃል። ግን ያ የሚደበቀው አንድ ሁለት ቀን ነው። ካሳሁን የመርዶን ወግ ወስዶ በሕግ ርዝመት ለካው። አብዱም ይርጋም ከበዳቸው፤ ዳሩ እሱ ወንድሟ ነው፣ እነሱ ባዳ ናቸው። እሺ አሉት።

ለተሥላሴን ማታለል ከባድ አልነበረም፤ ካሳሁንን ይበልጥ ያሳፈረውም ይኸው ነው። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ በሄደ በመጣ ቁጥር ሰው ዘመዱን ሳያገኝ ይሰነብት ነበር። ለተሥላሴ ድንች ሸጣ ስትመለስ በፈትያ ሱቅ በኩል ታልፋለች።

«ፈትዬ፣ ያቺ ዋልጌ ደወለች?»

«ኔትወርክ እኮ የለም እትዬ ለተሥላሴ።»

«ሲመጣ፣ እናትሽ ተቆጥታለች በያት። የበግ ቆዳ አስለፍቼ አስቀምጬላታለሁ፤ ስትመጣ የምትተኛበት።»

ፈትያ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ትጎነበሳለች፤ የወደቀ ነገር እንደምታነሣ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የጎረቤት ሠርግ ሆነ። ካሳሁን ለተሥላሴን አትሂጂ ሊላት አስቦ ምክንያት አጣ። ሄደች። ዳሱ መሐል ገብታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እስክስታ ወረደች። በወጣትነቷ የታወቀች ጨፋሪ ነበረች፤ ሴቶቹ ከበው እልል አሉላት። እሷም ላቧን እየጠረገች ወደ ሙሽሪት ዞራ፣ «የእናኑዬንም እንዲህ ያሳየኝ!» አለች። ዳሱ «አሜን!» አለ። ካሳሁን ጥግ ላይ ጠላ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አሜን ለማለት ከንፈሩ እንኳ አልታዘዘለትም። ይርጋ አጠገቡ ሆኖ፣ «ይቅር ይበለን» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ይህች ሴት ካሳሁንን ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደገችው ናት። ከጉና ተራራ ሥር እስከ ከተማ ድንች ተሸክማ እየሸጠች ደብተር የገዛችለት እሷ ናት። ለዚህ ነው ለእሷ ጉዳይ እንከን የሌለው ሥራ መሥራት የፈለገው። ድንኳኑ በችሮታ ሳይሆን በመብት እንዲተከልላት። ማንም ኋላ ተነሥቶ «በወንድሟ ተደግፋ ነው» እንዳይላት። እንዲህ እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

ገበያ ሰፈር ሐሳቡን አነሣ፤ ድምፅም ሰጥቶ በአንድ ቃል አሳለፈው። አስቸጋሪው ወንዝ ማዶ ነው። ካሳሁን ድልድዩን ተሻግሮ ማሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ማሩ ክረምት ሳይገባ ሞፈሩን ያበጅ ነበር።

«እንደምን ዋሉ መምህር። መንገድ ጠፋብዎት እንዴ?»

«አልጠፋኝም። አንተን ብዬ ነው።»

«እኔን ብለው! እንግዲህ ወንዙ ዛሬ ጎደለ በለኛ» አለ ማሩ ለራሱ፤ ግን በርጩማ አወጣለት፣ ጠላም አስቀዳለት።

ካሳሁን ሐሳቡን አስረዳው። አስከሬን ባይኖርም መርዶው በሦስት ምስክር ከተረጋገጠ ድንኳን ይተከል የሚል ነው።

«ሰምቻለሁ። መልካም ሐሳብ ነው። ዘገየ እንጂ» አለ ማሩ፤ መጥረቢያውን ከጭኑ ላይ አላወረደም። «ለማን ነው?»

«ለማንም አይደለም። ለሁሉም ነው።»

«ተዉኝ መምህር። ደንብ ለሁሉም ይሆናል፤ ሬሳ ግን ስም አለው። እርስዎ ለስም የለሽ ነገር ወንዝ አይሻገሩም።»

ካሳሁን ግራ ቀኙን አየና ነገረው። ማሩ ቀና ብሎ አየው።

«ለተሥላሴ? ቅዳሜ ድንች መዝናልኝ ነበር እኮ! እየሳቀች! ምራቂ ጨምራ!»

«አታውቅም። ደንቡ ሲጸድቅ ነው የምንነግራት።»

«ሰፈሬን እኔ አስማማለሁ» አለ ማሩ። «ለእሷ ብዬ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ግን ዛሬውኑ ይንገሯት።»

«ላይ ሰፈር ብቻ ነው የሚቀረው። እሑድ ድምፅ ይሰጣል፤ ሰኞ ንጋት ድንኳኑን ተክለን…»

«መምህር፣ እኔ ያለ ድንኳን አልቅሻለሁ። ይቻላል። ጭንቅላት ላይ ሰማይ አለ። ሰው ወገኑ አፈር ገብቶ ሳለ ሳያውቅ ሲስቅ የከረመውን ግን…» አልጨረሰውም። መጥረቢያውን አነሣና ሞፈሩን መጥረብ ጀመረ።

ማሩ እስከ ድልድዩ ሲሸኘው፣ ካሳሁን ስለ ወንድሙ አንድ ነገር ሊለው ፈለገ። ያልደረሰውን ለቅሶ ሊያነሣው። ግን «ደኅና ዋል» ብቻ ብሎት ተሻገረ። ወንዝ ማዶም ቃሉን ጠበቀ፤ በዚያው ሳምንት አጸደቀ።

እሑድ ካሳሁን ለተሥላሴን ከስብሰባው ለማራቅ ዘዴ ፈጠረ። ጋሳይ ያለ ዘመዳቸው የድንች ዘር ሊሰጥ ነውና ሄደሽ አምጪ ብሎ በማለዳ ሰደዳት። መኪና ላይ ስትሳፈር አየና ልቡ ተመለሰ። አባል ሁሉ ይገኝ የሚለውን የራሱን ደንብ ሲጥስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የላይ ሰፈር እድርተኛ አዳራሹን ሞላው። ስብሰባውን የሚመራው ካሳሁን ሐሳቡ በላይ ሰፈር በቀላሉ ያልፋል ብሎ ነበር፤ አልሆነም። አንድ በእድሜ የገፉ ሰው ተነሥተው፣ «ሬሳ ያላየነውን ሞት እንዴት እናምናለን? በስልክ የመጣ መርዶ በስልክ ቢመለስስ?» አሉ። ሌላው ቀጠለና፣ ሞተ ተብሎ ተዝካሩ ከወጣለት በኋላ በእግሩ የመጣ ሰው እንደሚያውቅ ተናገረ። ሰው ሳቀ። «ሙሾ ያወረዱለትን ሴቶች ‹ድገሙልኝ› አላቸው አሉ» አለ አንዱ። ሳቁ በረታ። ካሳሁን እጅ ቢያስወጣ እንደማያልፍ ገባው። ይርጋ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያየዋል።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ለተሥላሴ ጋቢዋን እያራገፈች ገባች።

«ጋሳይ ሳንደርስ መንገድ ተዘግቷል ብለው መለሱን» አለች፤ እንደ መጣች ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?»

አጠገቧ ያለችው ሴት የድንኳኑን ነገርና ዓረብ አገር ሞተች ስለተባለችው፣ ስሟ ስላልታወቀው ልጅ በጆሮዋ ነገረቻት። ለተሥላሴ ፊቷ ተለወጠ። ተነሥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ዕድሉ ለሌላ ተሰጥቷል» አለ ካሳሁን። ውሸት ነበር።

«ካሳ፣ ዝም በል። አንተን ያስተማርኩ እኔ አይደለሁም?» አዳራሹ እንደገና ሳቀ። «እኔ አንቀጹን አላውቀውም፤ እሱን ለወንድሜ ትቼለታለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ልጄ እዚያ አገር እንዳለች ታውቃላችሁ። አሁን የሞተችው የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፤ የማንም ትሁን። ያቺ እናት የልጇን አፈር አላየችም። ሄዳ የምትቀመጥበት መቃብር የላትም። ታዲያ ምን ቀራት? ሰው ብቻ ነው የቀራት። ሰው ደግሞ የሚሰበሰበው ድንኳን ሲያይ ነው። ‹ሬሳሽን አምጪና እናለቅስልሻለን› ልትሏት ነው? ልጅቱ ደግሞ በሕይወት ብትመጣ፣ ያድርግላትና፣ ያንኑ ድንኳን ለደስታ እንተክለዋለን እንጂ ምን ጎደለብን?»

የሚስቅ ጠፋ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ያ ተቃዋሚ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «እውነቷን ነው፤ እኔ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ» አሉ።

ካሳሁን «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ማለት ነበረበት። ቢያቆመውስ? በዚያች ቅጽበት ወርዶ፣ እኅቱን በእጇ ይዞ ወጥቶ፣ ከአዳራሹ ጓሮ ቢነግራትስ? አሰበው፤ ከዚያ ሁሉም ሰው እያየው መሆኑን አሰበ፤ አንዲት ነገር ብቻ እንደ ቀረችም አሰበ።

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ።

መጀመሪያ የወጣው የለተሥላሴ እጅ ነው። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ይርጋ በሩን ከፍቶ ወደ ደጅ ወጣ።

«ጸድቋል» አለ ካሳሁን። ድምፁን ከፊት የተቀመጡት ብቻ ሰሙት።

«ጸደቀ?» አለች ለተሥላሴ። «እሰይ! ያቺንም ልጅ ያጽድቃት!»

ወደ ቤት ሲሄዱ ክንዱን ያዘችው። ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ያጥራታል።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?»

«ነገ ትሰሚያለሽ።»

«ከገበያ ሰፈር ናት መቼም። ምስኪን። እኔም በማለዳ እሄዳለሁ። ንፍሮ ልቀቅል እንዴ? ባዶ እጄን አልሄድም።»

«አትቀቅዪ እትዬ።»

«ለምን አልቀቅል?»

በሯ ላይ ሲለያዩ ስንዴውን ለመዘፍዘፍ ተጣድፋ ገባች።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ሰዎች ምሰሶና ሸራ ተሸክመው በዝምታ መጡ። የጉና ጭጋግ እስከ አጥሩ ወርዷል። ማሩም ከወንዝ ማዶ ሰዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር። ካሳሁን ሽማግሌዎቹንና ፈትያን አስከትሎ ከኋላ ይከተላል። ሐሳቡ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይገባሉ፣ እሷን አስቀምጠው ይነግሯታል፣ ከዚያ ጥሩንባው ይነፋል የሚል ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰናድቶታል።

ለተሥላሴ ግን ተነሥታ ኖሯል። ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ ንፍሮውን በሰፌድ ይዛ፣ ለቅሶ ልትደርስ በሯን ከፍታ ወጣች። ምሰሶ የተሸከሙትን ሰዎች አየቻቸው።

«ገና ልትተክሉ ነው? እኔ የዘገየሁ መስሎኝ» አለች። «ከማን ደጅ ነው?»

አንዱ ወጣት ምሰሶውን ከትከሻው አወረደና የት እንደሚያቆመው ጠፍቶት፣ ከእሷው አጥር ሥር አጋደመው። ለተሥላሴ ምሰሶውን አየች። የገዛ በሯን ዞራ አየች። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆመችውን ፈትያን አየች፤ ፊቷ በዕንባ ርሷል።

«ፈትዬ» አለቻት፣ ቀስ ብላ፣ «ኔትወርኩ መጣ እንዴ?»

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ካሳሁን ሊደግፋት ሮጠ፤ ከእሱ በፊት ማሩ ደረሰ።

ድንኳኑ ተተከለ። የሦስቱ ሰፈር ሰው መጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ለቅሶው ትልቅ ነበር፤ ሰው ያን ያህል የተሰበሰበበት ለቅሶ አይተን አናውቅም አሉ። አብዱ ሻይ ቤቱን ዘግቶ ከድንኳኑ አልተለየም። ካሳሁንን ሰው ሁሉ እየመጣ፣ «ያጥናህ፤ ደግሞ ደንቡን በጊዜው ማሻሻልህ በጀን» ይለዋል። እሱ አቀርቅሮ ይሰማል። ለተሥላሴ እንደ ሌላ እናት ፊቷን አልነጨችም። ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ታስባለች። አስለቃሾቹ የእናኑን ስም ሲጠሩ እንኳ ቀና አትልም።

በሠልስቱ ሰው እየተሰናበተ ወጥቶ ሲያልቅ ካሳሁንን ጠራችው።

«ና ተቀመጥ።»

ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

ነገራት።

«ከሠርጉ በፊት?»

«ከሠርጉ በፊት።»

«ስጨፍር ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«‹የእናኑዬንም ያሳየኝ› ስልስ?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ማሩስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ንገራት ብሎኛል።»

«ጋሳይ የላክኸኝ ለድንች አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«እጄን ሳወጣ ከፊቴ ቆመህ ታየኝ ነበር።»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳያስበው፣ «ድንኳን እንዲኖርሽ ብዬ ነው» አለ። «በመብትሽ እንዲሆን። ማንም እንዳይናገርሽ።»

«እኔ መቼ ድንኳን ጠየቅሁህ?» አለች። አልጮኸችም። «ልጄ ስትሞት ማወቅ ነው የእኔ መብት። እሱን ለመስጠት ስንት ሰፈር መስማማት ነበረበት?»

ካሳሁን ዕድሜውን ሙሉ ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ለዚህኛው ግን አቀረቀረ።

ይርጋና ጓደኞቹ ገመድ ሊፈቱ መጥተው ከውጭ ቆመዋል፤ ሠልስቱ አልፏል። ይርጋ አፍሮ፣ «እትዬ፣ ከፈለጉ ይቆይ፤ የሚለን የለም» አላት።

«አፍርሱት። ለተረኛው ይቀመጥ» አለች። «የእናንተ ለቅሶ አልቋል። እኔ ገና አልጀመርኩም። ልጄ ሞታ ያልተለቀሰችባቸው ቀኖች አሉ፤ እነሱን አለቅሳቸዋለሁ።»

ሸራው ከላይዋ ተነሣ። ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የበልግ ደመና ከጉና በኩል እየወረደ ነበር፤ ሰዎቹ ሸክማቸውን ይዘው ሲወጡ ማካፋት ጀመረ። ያኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ «እናኑዬ!» አለች። ሙሾ አልነበረም፤ ልጇን ከጓሮ እንደምትጠራ ነው የጠራቻት።

ካሳሁን ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ዝናቡ ሲበረታ አየችው።

«ግባ፤ አንተ ብርድ አይስማማህም» አለችው።

አልገባም። እሷም ሁለተኛ ግባ አላለችውም።